ድንጋይ ይዛችሁ ውጡ

[ቅዳሜ ጠዋት፣ አምቦ። ከሁሉቃ ወንዝ በላይ ያለች ገደላማ ቦታ። ሀብተሥላሴና ቱፋ ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። ሀብተሥላሴ ጂኦግራፊ፣ ቱፋ ስፖርት ያስተምሩ ነበር። አሁን ሀብተሥላሴ በድንጋይ መሀል አበባ የሚተክል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ቱፋ ምክትሉ። ሀብተሥላሴ ክራቫት አስሮ ቆሟል። ቱፋ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ያቃስታል።]

ሀብተሥላሴ፦ አዙረው አልኩህ እኮ!

ቱፋ፦ አዞርኩት!

ሀብተሥላሴ፦ አሁን ጀርባውን ሰጠን።

ቱፋ፦ ቅድም ጀርባው ነው ያልከው ፊቱ ነበር ማለት ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ቅድም ጎኑ ነበር። ድንጋይ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ ጎን አለው።

ቱፋ፦ ዓይኑ የት ጋ እንደሆነ ብቻ አሳየኝ፤ ፊቱን እኔ አገኘዋለሁ።

ሀብተሥላሴ፦ ኦቦ ቱፋ፣ ይሄ ሳይንስ ነው! ድንጋይ ሲቀመጥ ከመሬት የበቀለ መምሰል አለበት።

ቱፋ፦ ይሄ እስኪበቅል እኔ ልነቀል ነው። [ድንጋዩን ይለቀዋል]

ሀብተሥላሴ፦ ቀስ! እግሬን! ወይኔ እግሬን!

ቱፋ፦ በየት በኩል መታህ? በፊቱ ነው በጀርባው?

ሀብተሥላሴ፦ [በአንድ እግሩ እየዘለለ] ቀልድ ተው! አራት ሰዓት ላይ ኢንጂነር ቤርሳቤህ ከማዘጋጃ ቤት ትመጣለች። ቦታው አትክልት ካልመሰላት ባጃጅ ማቆሚያ ሊሆን ነው። የስንት ጊዜ ልፋታችን ባጃጅ ሊቆምበት ነው፣ ገባህ?

ቱፋ፦ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌሎቹ አባላት የት እንደገቡ ነው። እኔና አንተ ብቻ ነን እኮ። አንተን ደግሞ አልቆጥርህም፤ ክራቫት አስረሃል።

ሀብተሥላሴ፦ ሰነፎች! በጎ ፈቃደኛ ማለት እንዲህ ነው። በጎ ነው፤ ፈቃደኛ ግን አይደለም።

ቱፋ፦ በስብሰባ ላይ ግን ጎበዞች ናቸው።

ሀብተሥላሴ፦ ስብሰባማ! የሰጡት ሐሳብ ሁሉ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ገደል ዛሬ ሜዳ ነበር። አመለሸጋ ሐሳብ፣ ምትኩ ሐሳብ፣ ደስታነሽ ተጨማሪ ሐሳብ! አካፋ የሚይዝ ሲፈለግ ሁሉም ለቅሶ አለበት።

ቱፋ፦ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል።

ሀብተሥላሴ፦ አልሰሙ? ትናንት እኔ ራሴ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው! አጭር፣ ግልጽ፣ ለሕፃን የሚገባ።

ቱፋ፦ እኔ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ አላየሁትም። ምን ብለህ ነው የጻፍከው?

ሀብተሥላሴ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] «ነገ ጠዋት ሁላችሁም ድንጋይ ይዛችሁ ውጡ። ትልልቁን ምረጡ። የማይወጣ ሰው ከእኛ ጋር እንዳይቆጠር። ሀብተሥላሴ።»

[ቱፋ ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል።]

ቱፋ፦ ሀብቴ።

ሀብተሥላሴ፦ አቤት።

ቱፋ፦ ይሄ አምቦ ነው።

ሀብተሥላሴ፦ አውቃለሁ! ጂኦግራፊ ለኔ ታስተምረኛለህ?

ቱፋ፦ አምቦ ውስጥ «ድንጋይ ይዛችሁ ውጡ» ሲባል ረብሻ እንጂ አበባ ትዝ የሚለው ማን ነው?

ሀብተሥላሴ፦ [ቀስ በቀስ እየገባው] እ... እንዴ... አይ! አይሆንም! ማኅበሩ እኮ የአትክልት ነው!

ቱፋ፦ አሁን ነው የገባኝ! ስመጣ ደስታነሽን ሱቋን ስትቆልፍ አገኘኋት። «ወዴት ነህ?» አለችኝ። «ከሀብቴ ጋር ድንጋይ ላነሳ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብላ አለቀሰች።

ሀብተሥላሴ፦ አለቀሰች?

ቱፋ፦ ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ አዝናልኝ መስሎኝ «አይዞሽ፣ ለምጄዋለሁ» አልኳት። ባሰባት!

ሀብተሥላሴ፦ ምትኩስ? ቤቱ መንገድህ ላይ ነው፤ አላየኸውም?

ቱፋ፦ ልጆቹን ሰብስቦ ጉደር አማቶቹ ጋ ሊሄድ ባጃጅ ሲጠራ ነበር። ፍራሽ ተሸክሟል። እኔ ለመዝናናት መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት።

ሀብተሥላሴ፦ ቆይ ቆይ፤ የኛ አባላት ጥቂት ናቸው። ገበያው ለምንድን ነው እንዲህ ጭር ያለው?

ቱፋ፦ የት የት ነው የለጠፍከው?

ሀብተሥላሴ፦ ማኅበሩ ግሩፕ ላይ... እና... እድሩ ግሩፕ ላይ።

ቱፋ፦ እድሩ ላይ!

ሀብተሥላሴ፦ ብዙ ሰው እንዲመጣ ብዬ ነዋ!

ቱፋ፦ ይኸው ብዙ ሰው ቀረ። በቅዳሜ ገበያ ከተማውን ብቻህን ዘጋኸው እኮ! ማሎ፣ ስልክህን አምጣ። [ስልኩን ይቀበልና ድምፅ ይቀዳል] አከም ቡልተን፣ ወገኖቼ! ቱፋ ነኝ። ሰላም ነው፣ ምንም የለም! ድንጋዩ ለአበባ ነው። እደግመዋለሁ፣ ለአበባ ነው! ሱቃችሁን ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሁሉቃ ውረዱ። [ይልካል]

ሀብተሥላሴ፦ መለሱ?

ቱፋ፦ አመለሸጋ መለሰች። «ለአበባ» የምን ኮድ ነው ትላለች።

ሀብተሥላሴ፦ ኮድ አይደለም በላት!

ቱፋ፦ [እየቀዳ] አመለሸጋ፣ ኮድ አይደለም። የሚተከለው አበባ ነው። ውኃ የሚጠጣ፣ አፈር የሚቆፈርለት አበባ። ሀብቴ እኮ ነው የጻፈው፤ ሀብቴን አታውቂውም? [ያዳምጣል] እሺ፣ አሁን ገባት። ስምህን ስጠራ ወዲያው ገባት።

ሀብተሥላሴ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቱፋ፦ ምንም። አበባ ስንል ግን፣ ያንተ አበቦች እንዴት አደሩ?

ሀብተሥላሴ፦ [ፊቱን አዙሮ] አርፈዋል።

ቱፋ፦ ነፍስ ይማር።

ሀብተሥላሴ፦ እረፍት ላይ ናቸው ማለቴ ነው! የደጋ ተክሎች ናቸው፤ አዲስ አየር ሲያገኙ ትንሽ ይተኛሉ።

ቱፋ፦ [ጎንበስ ብሎ አንዱን ይነካል፤ እጁ ላይ ይፈረፈራል] ይሄኛው አይነሳም፣ ሀብቴ። ይሄኛው ትንሣኤ ካልሆነ አይነሳም።

ሀብተሥላሴ፦ ለዚህ እኮ ነው ሌላ ያዘዝኩት! ለጊንጪው ወዳጅህ ለዓብዲሳ ደውለህ ንገረው ያልኩህን ነግረኸዋል አይደል?

ቱፋ፦ ቃል በቃል። ዓብዲሳም እሺ ብሏል። አንዴ ቶሌ ካለ አለቀ፤ የጊንጪ ሰው ቃሉን አያጥፍም።

[ከላይ ከመንገዱ የአይሱዙ ጡሩንባ ይሰማል። ቱፋ ይወጣና ማዳበሪያ ጆንያ እየጎተተ ይመለሳል።]

ሀብተሥላሴ፦ ደረሰ! ደረሰልን! አደራህን አትጎትተው፤ ሥሩ ስስ ነው!

ቱፋ፦ ይሄ ስስ አይመስልም። ክንዴን ነቀለው። ላይ ገና ስንት ጆንያ አለ መሰለህ!

ሀብተሥላሴ፦ ፍታው፣ ፍታው። [አጎንብሶ ያያል፤ ይቆማል] ቱፋ፣ ይሄ ምንድን ነው?

ቱፋ፦ ደጋ።

ሀብተሥላሴ፦ ድንጋይ ነው!

ቱፋ፦ እኔስ ምን አልኩ? ደጋ።

ሀብተሥላሴ፦ እኔ የደጋ ተክል ነው ያዘዝኩት! ደጋ! ብርድ! ከፍታ! ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ ደጋ!

ቱፋ፦ እንዴ! እኔ ከዓብዲሳ ጋር በኦሮምኛ ነው የማወራው። በኦሮምኛ ደጋ ድንጋይ ነው።

ሀብተሥላሴ፦ [ራሱን ይዞ] ወይ መዓት! እና ምን አልከው?

ቱፋ፦ «ሊቀመንበሩ ደጋ ላይ የሚበቅል ተክል ፈልጓል» አልኩት። ዓብዲሳ በጣም ደስ አለው። «ሀብቴ ዛሬ ገባው ማለት ነው» አለኝ። እኔም «አዎ፣ ተመስገን» አልኩ።

ሀብተሥላሴ፦ ምኑ ነው የገባኝ?

ቱፋ፦ ማኅበሩ የድንጋይ ላይ አትክልት ማኅበር መሆኑ ነዋ! ዓብዲሳ ጓሮው ውስጥ ያረጀ የድንጋይ ካብ ሊያፈርስ ነበር። በየስንጥቁ የበቀለበትን ሁሉ ከነድንጋዩ ነው የላከው። እየው፣ ይሄ እንዳሁላ፣ ይሄ እሬት፣ ይሄ ደግሞ የድንጋይ ሽበት። ፀሐይ ቢመታቸው፣ ውኃ ቢረሷቸው ግድ የላቸውም።

ሀብተሥላሴ፦ [መነጽሩን አስተካክሎ] ይሄ... ይሄ ሐምራዊው ምንድን ነው?

ቱፋ፦ አላውቀውም። ግን አላረፈም፤ በሕይወት አለ።

[ከላይ ጫጫታ ይሰማል። አባላቱ እየሳቁ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ይዟል።]

ሀብተሥላሴ፦ መጡ! ኧረ ደስታነሽም መጣች! እንኳን ደህና መጣሽ፣ ደስታነሽ! አታልቅሺ፣ አበባ ነው! ምትኩ፣ ፍራሹን እዚያ ጋ አስቀምጠው፤ አጣጥፈን ድንጋይ እንጎትትበታለን!

ቱፋ፦ በሉ ቶሎ ቶሎ! የደረቁትን ንቀሉ፣ የዓብዲሳን ደርድሩ! ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ!

ሀብተሥላሴ፦ ቆይ! መጀመሪያ አንድ አጭር ስብሰባ...

ቱፋ፦ ሀብቴ፣ ስብሰባ ካልክ ምትኩ ጉደር ይሄዳል።

[ሁሉም ይረባረባሉ። ገደሉ በደቂቃዎች ውስጥ መልክ ይይዛል፤ በድንጋዮቹ መሀል አረንጓዴና ሐምራዊ ብቅ ብቅ ይላል። ላይ መንገዱ ላይ መኪና ይቆማል።]

ሀብተሥላሴ፦ መጣች! ኢንጂነሯ መጣች! ክራቫቴ ቀጥ ብሏል?

ቱፋ፦ [እጅጌውን ይዞ] ሀብቴ፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ትናንት ኢንጂነሯ...

ሀብተሥላሴ፦ አሁን አይደለም!

ቱፋ፦ ኧረ አንዴ ስማኝ፣ ማን ሠራው ስትልህ...

ሀብተሥላሴ፦ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚነገር እኔ አውቃለሁ። አንተ እዚሁ ሁን፤ አፈር በአፈር ሆነሃል። [እጅጌውን መንጭቆ ወደ ላይ ይሮጣል]

ቱፋ፦ [ሽቅብ እያየ] ጨበጣት። በእጁ እያሳያት ነው። ደረቱን መታ። ኧረ ተው፣ ሀብቴ... ደግሞ መታ! ማሎ፣ ማሎ፣ አትምታው! ጻፈች። ሳቀች። መኪናዋ ውስጥ ገባች። አለቀ።

[ሀብተሥላሴ ፊቱ እያበራ ይመለሳል።]

ሀብተሥላሴ፦ ቦታው የኛ ነው! ባጃጅ የለም! አበቃ! [አባላቱ እልል ይላሉ] ቱፋ፣ ብትሰማት! ዓይኗን ማመን አልቻለችም። «ይሄን ሁሉ ያሰበው ማን ነው?» አለችኝ።

ቱፋ፦ ምን አልካት?

ሀብተሥላሴ፦ «እኔ።» «ሰውን ያስተባበረውስ?» «እኔ፤ አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ነው የጻፍኩት።» «ተክሉን ከነድንጋዩ ማምጣትስ የማን ጥበብ ነው?»

ቱፋ፦ እኔ አልካት።

ሀብተሥላሴ፦ እኔ አልኳት! ያዘዝኩት እኔ አይደለሁ? «ድንጋዩንስ ማን ተሸከመው?»

ቱፋ፦ ሀብቴ፣ እሱን እንኳ...

ሀብተሥላሴ፦ «በዚሁ ትከሻዬ» አልኳት! አቤት የተደነቀችው! እጄን ጨብጣ ምን አለችኝ መሰለህ? «ስንፈልገው የነበረው ሰው እርስዎ ነዎት። ሰኞ ማለዳ መኪና እንልክልዎታለን፤ ልብስዎን ብቻ ይያዙ።» ሽልማት ነው፣ ቱፋ! አዳራሽ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው!

ቱፋ፦ ወዴት እንደሆነ ጠየቅካት?

ሀብተሥላሴ፦ ሽልማት ወዴት ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ቱፋ፦ ካቺሲ ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ካቺሲ? እዚያ አዳራሽ አለ?

ቱፋ፦ ገደል አለ። ከገበያው ጀርባ፣ ይሄን የሚያክል ቢደረደር የማይሞላው። ትናንት ደውላልኝ ነበር። «ካቺሲ ሄዶ፣ ክረምቱን እዚያው ከርሞ፣ ከባዶ ማኅበር የሚያቋቁም በጎ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ነገ የአምቦውን ማን እንደሠራው አይቼ እሱን ነው የምወስደው» አለችኝ።

ሀብተሥላሴ፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ክረምቱን? ጭቃው ውስጥ? ለምን አልነገርከኝም!

ቱፋ፦ እጅጌህን የያዝኩት ለምን መሰለህ?

ሀብተሥላሴ፦ ክራቫቴን ልታስተካክልልኝ መስሎኝ! ሩጥ፣ መኪናዋን አስቁማት! ሁሉንም ያደረገው ቱፋ ነው፣ እኔ ተራ አባል ነኝ በላት!

ቱፋ፦ ሄደች እኮ። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ደረትህን ስትመታ እዚህ ድረስ ተሰምቷል።

ሀብተሥላሴ፦ [ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ] እና ይሄን ማኅበር ማን ሊመራው ነው?

ቱፋ፦ ምክትል ለምን ይሾማል? አታስብ፣ እንጠብቅልሃለን። ሁላችንም መጥተን እንጠይቅሃለን፤ ዓብዲሳም ጆንያ ይልክልሃል።

ሀብተሥላሴ፦ ቆይ አንዴ። ትናንት ስትደውልልህ መጀመሪያ የጠየቀችው አንተን ነው አይደል?

ቱፋ፦ እኔን ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ምን ብለህ አመለጥክ?

ቱፋ፦ ወገቤን ያመኛል አልኳት።

ሀብተሥላሴ፦ ወገብህን ያምሃል እንዴ?

ቱፋ፦ [አባላቱ ሁለት ሆነው አቅቷቸው የተዉትን ድንጋይ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ያወጣል] ትናንትማ እንዴት አድርጎኝ ነበር!