የጋሽ ታደሰ ቀለበት ተበጠሰ

እኛ ቤት ካውያው ሲታመም ፍሪጁም አብሮት ይተኛል። ብሬከሩ ይወርድና ሁሉም ድርግም! አንዱ ባጠፋ ሁሉም ይቀጣል፤ ይሄ ፍርድ ነው?

የአጥር ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። እሳቸው እንግሊዞች በሚያሠሩት ሕንፃ ላይ ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መካኒሳ ቤት ሲሠሩም እንደዚያው አደረጉት። የዕቃው ሁሉ መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሆዱ ውስጥ የራሱ ፊውዝ አለው። ካውያው ካበደ ፊውዙን አቃጥሎ ብቻውን ይሞታል፤ ፍሪጁ ወሬውንም አይሰማም። ደስ አይልም? ችግሩ፣ ፊውዙን ከየት ታመጣላችሁ? ሰነፍ ሰው የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልበታል። ያኔ በፊውዙ ፋንታ ቤቱ ይቃጠላል።

መስመሩ ደግሞ ቀለበት ነው። ሽቦው ከብሬከሩ ተነስቶ ሶኬቶቹን ሁሉ ያዳርስና ተመልሶ እዚያው ይገባል። ኮረንቲው በሁለት በኩል ስለሚመጣ ሽቦው አይጨናነቅም። አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም ይሠራል። ክፋቱም ይሄው! ሁሉም እየሠራ መበጠሱን ማን ይነግራችኋል? ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይግላል።

ጋሽ ታደሰ ሲፈትሹ ይህንኑ አገኙ። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሽቦ መቀጠሉን ለሰው ትተዋል፤ ግቢ ወጥተው በስልክ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላይ ይጮሃሉ፦ «ቀለበቱ ተበጥሷል እኮ! ዛሬውኑ ካልመጣህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ!»

ባለቤቴ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ ታሰጣለች። የጋሽ ታደሰ ልጅ ሕይወት፣ ቢንያም ለሚባል የጀሞ ልጅ ቀለበት ካሰረች ቆይታለች። ሠርጉ ግን «ከፋሲካ በኋላ» እየተባለ ስንት ፋሲካ አለፈ። እናቷ እትዬ አስቴር በሐሳብ አልቀዋል። ታዲያ ባለቤቴ ቀለበት ተበጠሰ ሲባል ሌላ ምን ይመስላታል? ወይኔ ልጅቷን! ብላ ስልኳን አነሳች። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት ትላለች እስከ ዛሬ። ያ አንድ ሰው የቢንያም እናት ናቸው።

ከሰዓት ላይ ቢንያም ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከች አለ፤ ላብ በላብ ሆኗል። ጋሽ ታደሰ ሶኬት ፈትተው መሬት ላይ ተንበርክከዋል። እሱም እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጋሼ፣ በእናትዎ ሌላ ሰው አይፈልጉ! በጥር አገባታለሁ!»

ጋሽ ታደሰ ግራ ገባቸው። የምን ጥር፣ እኔ የምፈልገው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እትዬ አስቴር ክንዳቸውን ቆንጠጥ አደረጓቸውና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል አይደል? ጥር ነው ያለው!»

በጥር በልተን ጠጥተን ጨፈርን። ሽቦውም ተቀጠለ። ጋሽ ታደሰ ከእንግዲህ ይሄ ቀለበት አይበጠስም ብለው ሲኩራሩ፣ እትዬ አስቴር ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው?

«ኧረ ታዴ፣ ገና ታናሿ አለች! ሽቦዋን አንድ ቦታ ላይ ቆረጥ አድርጋት።»