ክቡር ካፒቴን አቋራጭ

«አቋራጭ አውቃለሁ» የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ዘመድ አዝማዱን በመኪና አስከትሎ ግንብ አጥር ሥር የሚያስቆመው እሱ ነው፤ አጥሩን ትናንት ነው የሠሩት ብሎ የሚምለውም እሱ ነው። መሬት ላይ እስከሆነ ግድ የለም፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። መከራው እንዲህ ያለው ሰው አውሮፕላን ያበረረ እንደሆነ ነው።

ክቡር ካፒቴን አቋራጭ በአንዲት ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ዋናው ከተማ ይመላለሳሉ። ማዕረጉን ያወጣችላቸው የበረራ ዕቅዳቸውን የምትቀበለው ሴት ናት። በሁለቱ ከተሞች መሀል፣ ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመራ ለሚበር ሁሉ የተመረጠ መስመር አለ። ትንሽ ዞር ይላል፤ ቀጥታው ለማረፍ በተሰለፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች መሀል ይገባላ። መስመሩ ታትሟል፣ ኮምፒውተር ውስጥም አለ፣ እሷም በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከመስኮቷ ጎን ለጥፋዋለች። ክቡርነታቸው ግን ወረቀቱን በክርናቸው ተደግፈው፣ «ዙሪያ ጥምጥም ለማያውቅ ሰው ነው፣ እህቴ። ቀጥ አድርጊው» ይላሉ።

ቀጥ ታደርገዋለች። ምን ታድርግ፣ አብራሪው እሳቸው ናቸው። ሞተር አስነስተው ፈቃድ ሲጠይቁ የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያንኑ የታተመውን መስመር ከሀ እስከ ፐ ያነብላቸዋል። ይከራከራሉ። ነዳጁ ይነዳል፣ መንገደኛው ያልበዋል፣ ከኋላቸው የቆመው ቀድሟቸው ይነሳል። በመጨረሻ እስክሪብቶ ፈልገው፣ እያጉረመረሙ የተነገራቸውን ይጽፋሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ሲመለሱ ደግሞ «ተቆጣጣሪው ቀንቶብኝ ነው» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰማዩ ወና በሆነበት ማለዳ፣ ቀጥታውን ፈቀዱላቸው። ያተረፉት ጊዜ ሻይ አያስጠጣም፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል።

በዚህ መሀል የሴትዮዋ እናት ልባቸውን ታመሙ። ዋናው ከተማ ያለው ሐኪም የሰጣቸው ቀጠሮ ከቀትር በፊት ነው፤ ካለፈ ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፣ እናትየው ደግሞ ደረጃ መውጣት እንኳ አቅቷቸዋል። ወሬውን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ወንበር የተገኘው የማን አውሮፕላን ላይ ይሆን? ሴትዮዋ እናቷን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ቦታዋ ገባች። ዛሬ ቀጥ አድርጊው ካሉኝ የለጠፍኩትን ወረቀት አስበላቸዋለሁ ብላ ዝታለች። ለጠላቷ እንኳ ተናግራ የማታውቀውን ቃል አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው።

ክቡርነታቸው ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ። ወረቀቱን አልተደገፉም። ራሳቸው የጻፉትን ዕቅድ ሰጧት፤ የተመረጠው መስመር ነው፣ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። የለጠፈችውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ ለካ ድሮም በቃላቸው ያውቁታል።

ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ። «ካፒቴን፣ አቋራጩስ?» አለች።

ወደ ኮሪደሩ ዘወር ብለው እናትየዋን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እማማ በጊዜ መድረስ አለባቸው። ዛሬ ለአቋራጭ የሚሆን ጊዜ የለኝም።»

ያን ሁሉ ዘመን እያወቁ! አንገታቸውን ልታንቅም፣ ግንባራቸውን ልትስምም አማራት። ሁለቱንም ትታ ዕቅዱን ላከች።

ፈቃዱ ያለ አንዲት ቃል ክርክር ተሰጠ። ወዲያው ተቆጣጣሪው ደወለላት፤ ድምፁ የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው። ካፒቴንን አሟቸው እንደሆነ ጠየቃት።

«ኧረ ደኅና ናቸው» አለችው። በመስኮቱ አውሮፕላኗ ስትንደረደር ይታያታል፤ እንባዋ መጣ። «እናቴን ይዘውልኝ እየሄዱ ነው።»