ምስጢሩ የተጠበቀ ቁጥር

የግብር ከፋይን ምስጢር በመጠበቅ ረገድ ከአምቦ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ላይ የኛን ከተማ ጽሕፈት ቤት የሚያህል የለም። የከተማዋን ስም ያልጠቀስኩትም ይህንኑ አርአያ ተከትዬ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ የምዝገባ ኃላፊ ኦቦ ሆርዶፋ ናቸው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ብሂል በፍሬም አሠርተው ከወንበራቸው በላይ ሰቅለውታል። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መቲ የምትባል ወጣት በዚሁ ፍሬም ሥር ቆማ ቲን ነምበር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

«ምንድን ነው የምትሸጪው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

«ጽሑፍ ነው፣ ኦቦ። ስለ ድንች።»

«ድንች! በኩንታል ስንት ትሰጫለሽ?»

«ድንቹን አይደለም። የጎጆ ከተማ አካባቢ ገበሬ የዘር ድንች እንዴት እንደሚያቆይ እጽፋለሁ። በኢንተርኔት፣ አሜሪካ ላለ ድርጅት።»

«አሜሪካ ድረስ? መኪናው የማን ነው?»

መቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ የምትጽፍ ልጅ ናት። ድርጅቱ የላከላት የግብር ቅጽ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚሞላበት አንድ ባዶ ሳጥን አለ። ቅጹ እስከ ሰኔ የመጀመሪያው አርብ ካልደረሰ የስምንት ወር ክፍያዋ ይሰረዛል። በክፍያው አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታ፣ በደቂቃ ከሚያስከፍለው ኢንተርኔት ቤት ልትገላገል አስባ ነበር።

ኦቦ ሆርዶፋ የንግድ ዘርፎችን ዝርዝር በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱት። ወፍጮ አለ፤ ጠላ አለ፤ ጸሐፊ የለም።

«የለሽም» አሏት በሐዘን።

ይሁን እንጂ ባለጉዳይን ባዶ እጁን መመለስ ከመልካም አስተዳደር መርህ ጋር ስለሚጋጭ «ድንች ላኪ» ብለው መዘገቧት።

በሦስተኛው ቀን የቀን ገቢ ገማች ኮሚቴ ሚዛን ተሸክሞ ኢንተርኔት ቤቱ ገባ። ሰብሳቢው አቶ ተሬፋ ከሁለት አባላት ጋር ከመቲ ጀርባ ወንበር ይዘው ሽያጩን መጠበቅ ጀመሩ። ሦስት ሰው ማጅራቷ ላይ እየተነፈሰ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት መስመር ጻፈች፤ አንዱን አጠፋችው።

«ምነው ጠፋ?» አሉ አቶ ተሬፋ ደንግጠው።

«አልጣመኝም።»

«ብልሽት፣ ሃምሳ በመቶ» ብለው መዘገቡ። ቃለ ጉባኤውም እንዲህ ሲል ተቋጨ፦ «ድንቹ በሥፍራው አልተገኘም። ኮሚቴው ከመድረሱ በፊት እንደተላከ ይታመናል።»

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጥብቅ ምስጢር ነው። ስለዚህ ማንም እንዳይነካው በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ ተሰቀለ። የመቲ ስም ከነአባቷ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ታገኘዋለች የተባለው ዶላር፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ከላዩ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም አርፎበታል። የመስታወቱ ቁልፍ ከኦቦ ሆርዶፋ ኪስ አይወጣም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ኪቦርድ እንድትገዛላቸው ሊያነጋግሯት መጡ። ከካቺሲ አጎትሽ ነኝ የሚል ሰው መጣ። ከጎጆ ደግሞ ሰባት አህያ ሙሉ ድንች መጥቶ እነ መቲ በር ላይ ቆመ። መቲ ከኀፍረቷ የተነሳ በሰሌዳው ፊት ማለፍ ትታ፣ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄድ በጓሮ በር መግባት ጀመረች።

ቅጹ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን፣ የሰኔ የመጀመሪያው አርብ ደረሰ።

«ቁጥርሽ ወጥቷል፤ እንኳን ደስ አለሽ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

«ተመስገን! ይንገሩኛ፣ ልጻፈው።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ቅጹ ላይ ልሞላው።»

«ቅጹ የማን ነው?»

«የአሜሪካኖቹ።»

ኦቦ ሆርዶፋ መሳቢያቸውን ዘግተው ብድግ አሉ። «የግብር ከፋይን መረጃ ለሦስተኛ ወገን አሳልፌ ልስጥ? እኔ ሆርዶፋ?»

«ኦቦ፣ ግብር ከፋይዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱን ነው የምልሽ። የምጠብቀው አንቺን ነው።»

«ከማን?»

«ካንቺ።»

መቲ የጓሮውን በር ረስታ በዋናው በር ወጣች። እዚያ ሻይ የምትሸጠው ብርቅነሽ አየቻት።

«ምነው መቲዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ቁጥሬን ከለከሉኝ።»

«የትኛውን? ዜሮ ዜሮ ሦስት ብሎ የሚጀምረውን?»

መቲ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ማክሰኞ እኮ ነው የለጠፉት። ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ሳልፈልግ ያዝኩት።» ብርቅነሽ ሻይ እየቀዳች አሥሩንም ቁጥር በቃሏ ወረደችው።

«ሰባተኛው ስምንት ነው» ሲል አረማት አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሹፌር። ሌሎቹም ሻይ ጠጪዎች ልክ መሆኑን በጭንቅላታቸው አረጋገጡ።

መቲ ቁጥሩን ከሰሌዳው ጋር አመሳክራ ቅጹን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላከች። ክፍያው በሐምሌ ደረሰ፤ ላፕቶፑም ተገዛ። ኦቦ ሆርዶፋ ምስጢር በመጠበቅ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብለው ተሸለሙ። ቁጥሩን ለመቲ እስከ ዛሬ አልነገሯትም።