ሊቀ ኮፈን ሀብተ ሚካኤል

በኢትዮጵያ ምድር የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው የለም። በረሃ መሐል ብትቆሙ እንኳ ከየት እንደ መጣ ሳታውቁ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይገኛል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰገግ አድርጎ «ምን ሆነች?» ይላል። መልስ አይጠብቅም። የሆነችውን ያውቀዋላ!

የእኛ የደባርቁ ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ሹመቱን ማን እንደ ሰጣቸው ባላውቅም ከኋላቸው ሁላችንም «ሊቀ ኮፈን» እንላቸዋለን። እህል ነጋዴ ናቸው፤ መኪና ኖሯቸው አያውቅም፣ መንጃ ፈቃድም የላቸው። ይህን ለማንሣት የደፈረ ሰው «ሐኪም ሁሉ ታሞ ነው እንዴ ሐኪም የሆነ?» ተብሎ አፉን ይይዛል።

ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ የተማሪውን ስሕተት እንደሚጠብቅ የዜማ መምህር። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። «የዛሬ ቤንዚን ቤንዚን አይደለም!» ዳባት ላይ ጎማው ለፈነዳበት ሹፌር በስልክ ይህንኑ ብለውታል። የአውቶብስ በር አልዘጋ ሲልም ይህንኑ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ጨነቅ ካምፕ የሚሄዱ ቱሪስቶችን መኪና አስቁመው፣ ከኋላ ከታሰረው ጀሪካን ቤንዚን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ፈረንጆቹ በድንጋጤ ጮኹ። እርሳቸው ተፍተው፣ «አልኮል አለበት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ አባቴ ያወረሰኝ አሮጌ ላንድሮቨር አለኝ። ባለፈው ሰሞን ውሃ ልጨምርባት ኮፈኑን ከፈትሁ። ውሃ ብቻ! ቀና ስል ጋሼ ሀብተ ሚካኤል አጠገቤ ናቸው።

«አንተ ደምለው፣ ይህች ክብ ቆርቆሮ ምን ትሠራለች?»

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን ያለችውን ነው። አባቴ እንዳስረዳኝ አስረዳኋቸው። ካንዴላው እሳቱን የሚሰጥበት ሰዓት አለው፤ ከዘገየ ሞተሩ ይደክማል፣ ከቀደመ ያንኳኳል። ቆርቆሮዋ በቀጭን የጎማ ቱቦ ከካርቦራተሩ ጋር ተያይዛለች። መንገዱ ሲቀል ካርቦራተሩ ይስባታል፣ እሷም እሳቱን ታስቀድማለች፤ ዳገት ሲመጣ ለቃ ታዘገየዋለች።

«እሱ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር በነበረበት ዘመን ነው» አሉ። «የዛሬው ቀስ ብሎ ነው የሚነድ። እሳቱ ሁልጊዜ መቅደም አለበት። ሁልጊዜ!»

እሺ ሳልል ቱቦውን ነቀሉት። ከኪሳቸው ቁራጭ ጧፍ አውጥተው አፉን በሰም ደፈኑት። ብሎኑን አላልተው ዲስትሪቢዩተሩን ጨበጡና እሳቱ እንዲቀድም አዞሩት። ክው አልሁ! ሞተሩ ሲነሣ ግን ደባርቅ ሜዳ ላይ እንደ አዲስ ሮጠ። ምን ልበል?

አክስቴ ውቢት ከሊማሊሞ በታች፣ ዛሪማ ቆላው ውስጥ ትኖራለች። ዓይኖቿን ሞራ ከሸፈናቸው ቆይቷል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። የዓይን ሐኪሞች ለሞራ ገፈፋ ዘመቻ ደባርቅ መጥተው ሳለ በመጨረሻው ቀን ተራ አገኘንላት። ያን ቀን ካልደረሰች ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ላመጣት ስነሣ ሊቀ ኮፈንን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ሞተሯን የማውቃት እኔ ነኝ» አሉ።

ቁልቁለቱን ደህና ወረድን። አክስቴን ይዘን የሊማሊሞን ዳገት ስንጀምር ግን ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የያዘ ሰው የገባ መሰለ። ካ! ካ! ካ! አክስቴ ከኋላ «ኧረ በማርያም፣ ማነው የሚያንኳኳው?» አለች። ብዙም ሳንሄድ ራዲያተሩ ፈላና መኪናዋ አቃስታ ቆመች። በግራ ገደል፣ በቀኝ ግድግዳ የሆነ ተራራ።

ኮፈኑን ከፈትነው። ሰሙ ቀልጦ ጠፍቷል። ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አነሡ። የሚደመጥ ነገር አልነበረም። ጣታቸው ቀስ ብላ ወረደች።

«ጋሼ፣ ምን ይሻላል?»

«አላውቅም» አሉ።

መኪናዋ ከመቆሟ በላይ ይህ አስደነገጠኝ። ይህ ቃል ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ተራራው የተናደ ነው የመሰለኝ። አክስቴ እንኳ «ማነው አላውቅም ያለው? ያ ሲያወራ የመጣው ሰውዬ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው «እንደ ነበረ ልመልሰው» አሉ። ዲስትሪቢዩተሩ አንገት ላይ የዓመታት የዘይት እድፍ አለ፤ የድሮው ቦታ በእድፉ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ከመስመሩ ጋር አገጣጠሙት። ቱቦውንም ወደ ቆርቆሮዋ መለሱ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ውሃ ጨምረን አስነሣሁት። እያዘገመች፣ ግን ሳታንኳኳ ወጣች።

ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃ መሸከፍ ጀምረው ነበር። አንዲት ነርስ አክስቴን ስታይ የታሰረውን ዕቃ አስፈታች። ጋሼ ሀብተ ሚካኤል አክስቴን እጇን ይዘው በሩ ድረስ አደረሷትና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ጠፉ። ተናድጄባቸው ስለ ነበር መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ግን ገበያው አጠገብ አንድ አይሱዙ ተበላሽቶ ሹፌሩ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን ቆሞ አየሁ። ብቻውን! ዘገነነኝ። እኚያን ነዝናዛ ሰው ለካ ናፍቄያቸዋለሁ።

በማግስቱ ምንም ያልሆነች መኪናዬን አስፋልቱ ዳር አቁሜ ኮፈኑን ከፈትሁ። የዓይኗ ፋሻ የተነሣላት አክስቴ የፊት ወንበር ላይ ሆና ያየችውን ሁሉ ትጠራለች፤ በቅሎ፣ ጃንጥላ፣ የተሰጣ ልብስ።

«ደምለው፣ አንድ አጭር ሰውዬ ከዚያ ግንብ ጀርባ ሆኖ ያየናል» አለች። «መጣ። ተመለሰ። ኧረ መጣ!»

ዞር አላልሁም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ሆነች?» አሉ። መልሴንም ጠበቁ።

አክስቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አንቱ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ በድምፅዎ ግዙፍ ሰው ነበር ያሰብሁ!»

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልሁ ቶሎ ብዬ። «የዛሬ ቤንዚን ይሆን?»

ፊታቸው በራ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አነሡና ማዳመጥ ጀመሩ። ሞተሩን ገና አላስነሣሁትም ነበር።