ባላምባራስ ኑሮ ያቀለሉ ጊዜ

ስለ ጌቶች ድካም የሚናገር ሰው ጠፍቷል። የገባር ድካምማ ለማንም ይታያል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ትንፋሹ ይሰማል። የጌታ ድካም ግን ከጮማና ከጠጅ በታች ተቀብሮ ስለሚኖር በዓይን አይገኝም። እነሆ፣ ከጣሊያን ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሶዶ ከተማ ከዚህ ዓይነቱ ድካም ራሳቸውን ነጻ ያወጡት የባላምባራስ ወልደመስቀል ገድል ሳይነገር እንዳይቀር እንናገራለን።

ባላምባራስ በእውነት ይደክሙ ነበር። ጠዋት ይነሣሉ፤ ይህ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ሲነሡ አንዱ ውሃ ያፈስላቸዋል፣ አንዱ ጫማ ያጠልቅላቸዋል፣ አንዱ በቅሎ ይጭንላቸዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከዚያ ችሎት ተቀምጠው የሰው ክርክር ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ሳይሰሙ ይፈርዳሉ። ማታ ወገባቸውን ይዘው፣ "ይህ ኑሮ ሊገድለኝ ነው" ይላሉ። ገድሏቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር።

አንድ ቀን ከቦዲቲ ገበያ ሲመለሱ፣ ከዳሞት ተራራ ግርጌ፣ አንጁሎ የሚባለውን ገባራቸውን አዩት። አንጁሎ ከጎጆው ደጃፍ ላይ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን በከፊል ከድኖ ተቀምጧል። ባላምባራስ በቅሏቸውን አቆሙ።

"አንጁሎ።"

"አቤት፣ ጌታዬ።" ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው።

"ምን እያሰብክ ነው?"

"ምንም፣ ጌታዬ።"

"ምንም?"

"ምንም አላስብም። ዝም ብዬ ነው።"

ባላምባራስ ደነገጡ፤ ፊታቸውም በራ። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈልጉት የኖሩት ነገር በገዛ ገባራቸው ደጃፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። በርግጥ አንጁሎ ሳምንቱን ሙሉ ለባላምባራስ አዲስ አጥር ግንድ ሲሸከም ሰንብቶ፣ ከትናንት ጀምሮም እህል ሳይቀምስ ነበር፤ እግሩ እምቢ ያለውም ሐሳቡ የሸሸውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የመሰለ ተራ ጉዳይ ግን ከአንድ ታላቅ ሰው ማስተዋል ጋር አብሮ አይነሣም።

ያን ዕለት ማታ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሳህሊቱ ንግግር አደረጉ።

"እኛ ተሸውደናል፣ ሳህሊቱ። አዳራሹ፣ ችሎቱ፣ ግብሩ፣ ሩጫው፣ ሁሉም ከንቱ ነው። ገባሮቻችን ሰላሙን ለብቻቸው ይዘው ይኖራሉ። ከነገ ጀምሮ ኑሮዬን አቀላለሁ።"

"ጠጁንም?" አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

"ጠጅ ኑሮን አያከብድም።"

"እንግዲያው እርስዎ ያቅሉ። እኔ ከነሸክሜ እዚሁ እኖራለሁ።"

ኑሮ ለማቅለል ጎጆ ያስፈልጋል፤ ባላምባራስ ደግሞ በዕለቱ ያዩት ጎጆ የአንጁሎ ነበር። በማግስቱ ሄደው የመረጡለትን ክብር ነገሩት። አንጁሎ ከሚስቱ ከቦልቴ ጋር ተያየ።

"ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ። እኛ የት እንደር?"

"ሶዶ፣ ከእኔ ግቢ። አጥሩ ሥር ትጠብቃላችሁ። ጭንቁን ቅመሱት እስኪ።"

"የእንሰት ችግኝ አለ፣ ጌታዬ። ዝናብ ሳይገባ መትከል አለብኝ። ካልተከልኩ ኋላ ልጆቼ ምን ይበላል?" አለ አንጁሎ በተሰባበረ አማርኛው።

"አየህ፣ ስለ ኋላ ማሰብ ጀመርክ። ትናንት እንዲህ አልነበርክም" አሉ ባላምባራስ፣ በደቀ መዝሙር እንዳዘነ መምህር ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ቀለል ያለው ኑሮ ተጀመረ። ደጃፉ ዝቅ ያለ ስለሆነና ባላምባራስ ጎንበስ ማለት ስለማያውቁ ግድግዳው ተቀድዶ ደጃፉ ሰፋ። አልጋቸው ባዶ ጎጆ ውስጥ ብቻውን እንዳይከፋው ስጋጃው ተከተለው፤ ስጋጃውን ትራሶቹ፣ ትራሶቹንም የጠጁ ጋን ተከተሉ። ይህን ሁሉ ከሶዶ ያጋዙት ያው ገባሮች ናቸው፤ አንጁሎም የገዛ ቤቱን የሚሞላውን ጋን በገዛ ትከሻው አመጣ። ኑሮ የቀለለው ለአንድ ሰው ነበርና ክብደቱ የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት።

ከዚያም ትእዛዝ ወጣ። ጩማ የሚባል አሽከር ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ለመጪው ሁሉ ያሰማው ነበር፦ "ኑሮን በዝግታ መያዝ የጤናና የነፍስ መሠረት መሆኑ ስለታመነበት፣ በዚህ ጎጆ ዙሪያ የሚሮጥ፣ የሚጣደፍ፣ የሚያለከልክ ሰው ይቀጣል። ሁሉም ቀስ ይበል!" ምሳ የሚመጣው ግን ከሶዶ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ካልደረሰም ባላምባራስ ይቆጣሉ። ስለዚህ መሶብ ተሸካሚው የሮጠ እንደሆነ ስለ መሮጡ፣ የዘገየ እንደሆነ ስለ መዘግየቱ ይገረፋል። አንዳንዱ ብልህ እስከ መታጠፊያው ድረስ ነፍሱ እስክትወጣ ሮጦ፣ ከጩማ ፊት ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ እንደ ካህን ይራመድ ነበር። ባላምባራስም ከደጃፋቸው ሆነው፣ "አያችሁ፣ ሰዉ እየተረጋጋ ነው" ይሉ ነበር።

የወላይታ ጎጆ ሰውን ከከብት አይለይም፤ ላሚቱ በአንድ ወገን ታድራለች፣ በሙቀቷም ቤቱ ይሞቃል። ባላምባራስ ሽታዋን ስላልወደዱት ወጣች። ምድጃውም ዓይናቸውን ስላስለቀሰው ጠፋ። አንጁሎ ምሳ ይዞ በመጣ ቀን የጠፋውን ምድጃ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም።

"ጌታዬ፣ ጭስ ለቤቱ ነው። ጭስ ከሌለ ምስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይበሰብሳል። ላሜም ውጭ አደረ፣ ብርድ ገባው።"

"አንተ ጭስ ለምደህ ነው። ሰላም ያለ ጭስም ይገኛል።"

"ቤት ግን አይገኝም፣ ጌታዬ።"

ይህችን ቃል ባላምባራስ አልሰሟትም፤ በዚያች ሰዓት ወደ ጓሮ እየተመለከቱ ነበርና። እንሰቱ ዳሞትን ጋርዶባቸዋል። አንጁሎና ቦልቴ ከተጋቡ ጀምሮ የተከሉት፣ ሰው የሚያህል ግንድ ያወጣ፣ የክፉ ቀን ጉሮሯቸው የሆነ እንሰት ነው። ቀለል ያለ ኑሮ ያለ ተራራ አይሟላምና ተቆረጠ። የቆረጡት ገባሮች ቀስ እንዲሉ ስለታዘዙ፣ ከሶዶ የመጣችው ቦልቴ እያንዳንዱ ሲወድቅ አየች። ያን ቀን ከጓሮው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ባላምባራስም ለቅሶው የዝግታን መንፈስ እንዳያውክ ወደዚያ ራቅ እንድትል በትሕትና አስታወቁ።

የወደቀው እንሰት እንዳይባክን የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ፋቁት፣ በኮባ ጠቅልለውም ከጉድጓድ አስገቡት። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ወራት ቆይቶ ሲብላላ ነው ቆጮ የሚሆነው። ባላምባራስ ግን በሳምንቱ የገባሩን ምግብ መብላት አማራቸው።

"አልደረሰም፣ ጌታዬ" አለች ቦልቴ።

"እስከ መቼ ልጠብቅ? ቶሎ አውጪው!"

ወጣ። በሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሆዳቸው በቀር የሚያስቡት ነገር አልነበረም፤ የዝግታም ትእዛዝ ለእርሳቸውና ወደ ጓሮ ለሚወስደው መንገድ ብቻ ተነሣ።

ዝናቸው እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ፊታውራሪ አድነው፣ የባላምባራስ አለቃ፣ ሊጎበኟቸው መጡ። ባላምባራስ ትራስ ተደግፈው፣ ብርሌ ይዘው፣ ተራራውን እያሳዩ ተናገሩ።

"ጌታዬ፣ ለሰው አንዲት ጎጆና አንዲት ጓሮ ትበቃዋለች። ግቢ ምንድን ነው? ጭንቅ። ገባር ምንድን ነው? ጭንቅ። የሚያዘውን እየፈለጉ ማዘዝ፣ የታዘዘውን እየተከታተሉ መቆጣት። እኔ ይህን ሁሉ ከልቤ አውጥቻለሁ።"

ፊታውራሪ ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

"ከልብህ ነው?"

"ከልቤ ነው፣ ጌታዬ።"

"እነዚህ አሽከሮች ቆመው ይሰሙሃል። ከአፍህ ወጥቷል።"

"ይውጣ!" አሉ ባላምባራስ፤ የተናገሩት በጣም አምሮላቸው ነበር።

ፊታውራሪ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ማደሪያ ያልተገኘለት የእህት ልጅ ነበራቸው፤ በግራዝማችነቱ ላይ ገባር ቢጨመርለት የሚወድ ጎበዝ። ሳምንት ሳይሞላ በሶዶ ገበያ አዋጅ ተነገረ፦ "ባላምባራስ ወልደመስቀል ከዓለም ጭንቅ ለመገላገል በገዛ አንደበታቸው ስለጠየቁ፣ ጥያቄያቸውም መንፈሳዊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ግቢያቸውንና ገባሮቻቸውን ግራዝማች እንዲሸከሙላቸው ሆኗል።" ወይዘሮ ሳህሊቱ አዋጁን ሰምተው አልጮሁም፤ ገሱባ ወዳለው ወንድማቸው ቤት ተጓዙ። ለባላቸውም፣ "ሸክሙን ይዤልዎት ሄጃለሁ" የሚል መልእክት ላኩ። አልጋውንና ስጋጃውን ከጎጆው ያስወሰዱት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ጩማ መጨረሻ ሄደ፤ በትእዛዙ መሠረት፣ ቀስ ብሎ።

ባላምባራስ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቀጥሎ ዝናቡ ገባ። ጭስ ያልነካው ክዳን በስብሶ ከየአቅጣጫው አፈሰሰ፤ ምስጡ ምሰሶውን ያዘ፤ በሰፊው ደጃፍ ብርዱ እንደ ልቡ ገብቶ አደረ። ከጉድጓዱ የተረፈውን ጥሬ ቆጮ እየቀመሱ ሰንብተው ጨረሱት። አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ባባራ ጊዜ፣ ወጥተው ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን በከፊል ከደኑ።

በዚያች ሰዓት ወጣቱ ግራዝማች በበቅሎ ያልፍ ነበር። አንጁሎ ከኋላው ግንድ ተሸክሟል፤ አዲሱ ጌታ ደግሞ አዲስ አጥር አምሮት ነበርና። ግራዝማች በቅሎውን አቆመ።

"አባቴ፣ ምን ያስባሉ?"

"ምንም" አሉ ባላምባራስ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የግራዝማች ፊት በራ። አንጁሎ ያን የፊት ብርሃን ያውቀዋል። ዙሪያውን ተመለከተ፤ በየጎጆው ደጃፍ ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ ሰው ተቀምጧል።

"ታሞ ነው፣ ጌታዬ" አለ ግንዱን ሳያወርድ።

"ምን ነካቸው?"

"ስሙን አላውቅም። መጀመሪያ ዝም ያሰኛል። ከዚያ ያስቀምጣል። ከዚያ ቤት ይፈርሳል። ይጋባል፣ ጌታዬ።"

ግራዝማች ኩታውን ወደ አፍንጫው ሳበ። "አንተንስ አልያዘህም?"

"ጌታ ጌታውን ነው የሚይዝ። ገባር ጊዜ የለውም።"

በቅሎዋ እንዲያ ስትሮጥ ታይታ አታውቅም። ግራዝማች ከሩቅ ሆኖ፣ አንጁሎ ከነቤተሰቡ ወደዚያ ጎጆ ተመልሶ በሽተኛውን እንዲጠብቅ፣ ጌታ የተባለ ሁሉም በዚያ መንደር ዝር እንዳይል አዘዘ።

አንጁሎ ቤቱ ገባ። ላሚቱን ከወገኗ አሰረ፣ ምድጃውን አነደደ። ባላምባራስ እየሳሉ ከላሚቱ አጠገብ ጠጋ አሉ፤ ደረቅ የሆነው ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ቦልቴ ከጓሮ ችግኝ ትተክላለች፤ ጊዜው አልፏል፣ ግን ከጠውላጋውም መሐል የሚጸድቅ አይጠፋም።

"ቆጮው መቼ ይደርሳል?" አሉ ባላምባራስ።

"ይህ ችግኝ? ልጄ ሚስት ሲያገባ" አለ አንጁሎ።

"እስከዚያ ምን እንበላለን?"

"ጎረቤት ቦይና ሰጥቶናል፣ ጎደሬውን። ከማዶ ነው፤ ሥሩን ቆፍሮ ማምጣት ነው።"

ባላምባራስ የአንጁሎን ዶማ ከደጃፍ አንሥተው፣ በዕድሜያቸው ታይቶ በማያውቅ ፍጥነት፣ ጭቃውን እየረገጡ ወደ ማዶ ተጣደፉ። ቦልቴ ከችግኟ ቀና ብላ ወደ ኋላቸው ተጣራች።

"ቀስ ይበሉ፣ ጌታዬ። እዚህ መሮጥ ያስቀጣል።"