ሞተር አድማጩ

አሮጌ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ዘይቱን? ጭሱን? እኛ አሰላዎች አቶ ገመቹን ይዘን እንሄዳለን። የራሱ መኪና የለውም፤ ያለ እሱ ግን መኪና የሚገዛ የለም። እኔም የዓመት ስንዴዬን ሸጬ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ልገዛ ስነሳ ሌላ ማንን ልውሰድ?

መኪናዋ በሻጩ በሐጂ ቃሲም በር ላይ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ቆማለች። ሐጂ ገብተው ፍሬን ሲለቁ ጥቂት ተንደርድራ ተነሳች። አቶ ገመቹ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስድስቱን ሲሊንደር እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ያዳምጥ ጀመር። ሐጂ ወርደው "ስማኝ ልጄ፣ ይቺ መኪና..." ሲሉኝ እጁን አነሳ።

"ሐጂ፣ አንዴ ዝም ይበሉልኝ። እየሰማሁ ነው።"

እኔም ጸሎት ቤት እንደገባ ሰው አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ "ስድስቱም ጤነኛ ናቸው" ብሎ ፈረደ። ገዛሁ፤ ሞተሩ ሳይጠፋም ነድቼ ቤቴ አስገባኋት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሜዳ በሆነው ግቢዬ ውስጥ ቁልፉን ባዞር ባዞር መኪናዋ ጭጭ አለች። ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

"ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ መሥራት ካቆመ ቆየ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ቁልቁል የማቆማት ለምን መሰለህ?"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ ሐጂ?"

"ልነግርህ አፌን ስከፍት ዝም በል ተባልኩ። አንተም አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

ወደ ቤቴ አቀናሁ። ስመለስ አቶ ገመቹ ወሬውን ሰምቶ ግቢዬ ደርሷል፤ የማትነሳውን መኪና ኮፈን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ሐጂ ያሉትን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።