የራስ ቤት ሙጫ

ሰውየውን ሁሉም ሙጫ እያለ ነበር የሚጠራው። እናቱ አዳፍሬ ብላዋለች፤ ይህን የሚያስታውስ ግን በግቢው ውስጥ አልተረፈም። በራስ ቤት አጋፋሪ ነበር። የራስንም ስም ደፍሮ የሚጠራ የለም፤ ራስ ይባላሉ፣ በቃ።

የራስ ቤት ትልቅ ነው፣ ክፍሉም ብዙ። ወሬ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያደርሱ ተላላኪዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ፈጠነ ይባላል፣ ስሙም ሥራውም ያው ነው። ራስ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ እሱ ዞሮ ተመልሷል። ራስ አሰቡ ማለት እነፈጠነ ሮጡ ማለት ነው ይባል ነበር፤ እነፈጠነም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

አዳፍሬ አይሮጥም። መተላለፊያው ሁሉ እንደ ኮከብ ጨረር ከሚነሣበት መካከል ላይ ይቆማል፤ አንድ እጁ ከበሩ፣ አንድ እጁ ከተላላኪዎቹ ትከሻ አይጠፋም። በበር የሚገባውን ለይቶ ቀለቡን ያስገባል፣ መርዙን ይመልሳል። ለሮጠ ቆሎ ያቀብላል፣ ለጮኸ ውሃ። ተላላኪ ደግሞ ከሚያደርሰው ይልቅ የሚያንጠባጥበው ይበዛል፤ የተረፈው ወሬ በጊዜ ካልተሰበሰበ አዳራሹ ውስጥ እየተንጫጫ ቤቱን ያምሳል። እሱንም የሚሰበስበው አዳፍሬ ነው። ራስ እንቅልፍ ሲወስዳቸው የቤቱን የውሃ ቦይ ከፍቶ የቀኑን ጉድፍ የሚያጥበውም እሱ ነው። አይ ሰው! እንግዳ መጥቶ "ያ የቆመው ሰውዬ ምን ይሠራል?" ሲል፣ ፈጠነ ይስቅና ምንም እንደማይሠራ፣ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ የቀረ ሙጫ እንደሆነ ያስረዳዋል። አዳፍሬ ይሰማል። ሥራው ግን አይቆምም።

አንድ ቀን በምሥራቁ በኩል እሳት ተነሣ። ወደዚያ የሚሄደው ቦይ ተደፍኖ ኖሮ ጠብታ ውሃ አልደረሰም። ከተላላኪዎቹ ገሚሱ እዚያው ቀረ፣ ገሚሱ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሸሸ። አዳፍሬ ብቻውን ድንጋይ እየተሸከመ፣ ጭቃ እየመረገ፣ መተላለፊያውን በግንብ ዘጋው። እሳቱ ግንቡ ጋ ሲደርስ ከሰመ፣ ቤቱም ተረፈ። ግንቡ ግን እንደ ጠባሳ እዚያው ቀረ።

ከግንቡ ወዲያ እሳቱ ያልደረሰበት አንድ ክፍል ነበር፤ የራስ ልጅ የልብነሽ። ሩቅ አገር ተድራ ብትሄድም ራስ ጠዋት ጠዋት ከክፍሏ ደጃፍ ሳይቆሙ አይውሉም ነበር። "ልቤ" ነበር የሚሏት። መንገዱ ሲዘጋ መሄዱን ተዉ። መሄዱን ሲተዉ ስሟን ማንሣት ተዉ። በኋላማ ሰው ሲያነሣት የጎረቤት ልጅ የተጠራች ያህል ዝም ይሉ ጀመር። ራስ ልባቸውን ረሱ ተባለ፤ ጥፋቱም ግንቡን በገነባው ሰው ላይ ተላከከ።

ሐሰት ነው ለማለትም አይመችም። አዳፍሬ ከእሳቱ ወዲህ የድሮው አዳፍሬ አልሆነም። ፈራ፣ ፈርቶም ከፋ። ወዳጅንም ጠላትንም ከበር መለሰ። ቆሎ ማደሉን ተወ፣ የተጠጋውን ሁሉ በክንዱ ገፈተረ፤ ተላላኪዎቹም እየከሱ እየከሱ አንዳንዱ ሥራውን መሥራት አቃተው። ቦዩ ሳይከፈት እያደረ ጉድፉ ተከመረ። ያዳነው ቤት በገዛ እጁ ሲታመም እያየ ይህን የሚያዋየው ሰው አጣ። ብቻውን መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ሥራ በዝቶበት አላወቀውም ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ልብነሽ መጣች። አባቷ አንድ ጊዜ በስሟ ቢጠሯት እንደሚበቃት፣ ካላወቋት ግን ሁለተኛ የዚህን ቤት ደጅ እንደማትረግጥ አስቀድማ ልካለች። ፈጠነም የተረፉትን ሰብስቦ በራስ ጆሮ ልብነሽ መጣች እያለ አስጮኸ። ራስ ደነገጡ።

"ማን ናት?" አሉ።

ልብነሽ ከደጅ ሆና ሰማች። አባቷ በማይችሉት የጓሮ ዳገት ዞራ፣ የቀራትን ዕቃ ይዛ ልትመለስ፣ ወደ ድሮ ክፍሏ ገባች።

አዳፍሬ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ልቅሶዋን ሰማ። ግንቡን እንዳይንደው ጣሪያው ተደግፎበታል፤ እንዳይተወው ልብነሽ ልትሄድ ነው። ለራሱም ለቤቱም አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ጭቃውን በውሃ እያራሰ አንድ ድንጋይ አወጣ፤ ጎኑን በእንጨት ደግፎ ሌላ ጨመረ። ፊት የሚያሳይ ቀዳዳ ሲሆንለት፣ ከእሳቱ ወዲህ ያልነካውን የቆሎ ቁና አንሥቶ ለተላላኪዎቹ አደለ። ቀጥሎ ራስን በክንዱ ደግፎ ቀስ እያለ አመጣቸው። እሱ አልጮኸም።

"ጌታዬ፣ የጠዋት መንገድዎ ነው" አላቸው።

ራስ በቀዳዳው አዩ። ከወዲያ ልብነሽ ከዕቃዋ ላይ ቀና አለች። አዳፍሬም ክንዱ እስኪዝል ደግፎ ያዛቸው።

"ልቤ" አሉ ራስ። "ልቤ መጣች።"

ልጃቸውን ይሁን ልባቸውን ለይቶ የጠየቀ የለም። ልብነሽ እጇን በቀዳዳው ሰዳ እጃቸውን ያዘች፣ ዕቃዋም ሳይታሰር ቀረ። ፈጠነ ወሬውን ይዞ በየክፍሉ በረረ፤ ግቢው እልል አለ፣ የምሥራች ነጋሪውም ካባ ተሸለመ። ቀዳዳውን ማን እንደከፈተው ማንም አላነሣም።

ሲመሽ አዳፍሬ ራስን ካልጋቸው አጋደማቸው። ራስ ትኩር ብለው አዩት።

"አንተስ ማነህ?"

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። አፉን ሳይከፍት ግን ራስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አዳፍሬ ወጥቶ ቦዩን ከፈተ። ውሃው የከረመውን ጉድፍ እየጠረገ መውረድ ሲጀምር፣ ተመልሶ ከራስጌያቸው ቆመና፣ የሚሰማው ሳይኖር፣ መለሰ።

"ሙጫ ነኝ፣ ጌታዬ። ራስ እንዳይበተን የያዝኩ።"